ሚዛኑን ከመውቀስ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሕፃናት በጤና ኬላ ሲመዘኑ ቁጥሩን የሚያዛባው ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ሳይሆን አመዛዘኑ ነው። በተንጠልጣዩ ሚዛን መጀመሪያ ባዶው መያዣ ተሰቅሎ መርፌው ዜሮ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ ልጁ ራቁቱን ይገባል፤ እግሩ የእናቱን ቀሚስ እንኳ እንዳይነካ። መርፌው ሲረጋ ከዓይን ትይዩ ሆኖ ይነበባል። ሹራብና እርጥብ ዳይፐር ግማሽ ኪሎ ከጨመሩ የአንድ ወር ዕድገት ዋጋ አጣ ማለት ነው!

ወላጆችም «ስንት ኪሎ ሆነ?» ብለው ይመለሳሉ። ይልቅ የልጁ ክብደት በየወሩ በሚመዘገብበት የዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ ያለውን መስመር ይጠይቁ። ቀጭን ሆኖ መስመሩ ሽቅብ ከሚሄደው ልጅ ይልቅ ወፍራም መስሎ ለሁለት ወር መስመሩ የተጋደመበት ያሳስባል። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ግን ያለ ነው፤ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይመልሰዋል። ከ6 ወር በላይ ሆኖ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የሚቀጥለው ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀመርለት።