ፍላሽ ከመታደሉ በፊት፦ የስርጭታችን የፈቃድ ጉዳይ

ውድ አባላት፣

ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ከርነሉንና ፕሮግራሞቹን አንድ ላይ የያዘ ስርዓተ ክወና) መሠረት አድርገን ያዘጋጀነውን የራሳችንን ስርጭት በፍላሽ ማደል ከመጀመራችሁ በፊት የምንጭ ኮዱን (ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ) ጉዳይ ጨርሱ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የተለቀቀው ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ስሪት 2 ነው። ስለዚህ የተጠናቀረውን (ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያሄደውን) ፋይል የሚሰጥ ሁሉ ምንጩን አብሮ መስጠት፣ ወይም «ምንጩን ለጠየቀ እንሰጣለን» የሚል፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ማያያዝ አለበት። አብሮ መስጠቱ ይሻላል፤ የ3 ዓመት ቃል ከባድ ሸክም ነው። «ከዴቢያን ድረ ገጽ አውርዱ» ማለት አይበቃም፤ ያ ስሪት ነገ ከሰርቨሩ ሊነሳ ይችላል፣ እኛ ያደረግነው ማስተካከያም እዚያ የለም። አይኤስኦው (ወደ ፍላሽ የሚጻፈው የስርጭቱ ምስል ፋይል) በተሠራበት ዕለት የየጥቅሉን (የእያንዳንዱን የፕሮግራም ፓኬጅ) ምንጭ በትክክለኛው የስሪት ቁጥር አውርዱና ከማስተካከያዎቹና ከመገንቢያ ስክሪፕቶቹ ጋር አስቀምጡ።

ሌሎች ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር በአንድ ፍላሽ ላይ መቀመጣቸው ብቻ ጂፒኤል አያደርጋቸውም። ኤምአይቲና ቢኤስዲ በተባሉት ፈቃዶች የተለቀቁ ጥቅሎች የሚጠይቁት የባለመብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ነው። ቦታ ለመቆጠብ የሰነድ ማህደሮችን የምትሰርዙ እባካችሁ «ኮፒራይት» የተባሉትን ፋይሎች አትንኩ፤ እነሱ ከጠፉ ፈቃዱ ተጥሷል።

የዋይፋይ ፈርምዌር (የዋይፋይ መሣሪያው ራሱ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ለብቻው ይታይ። ከዴቢያን 12 ጀምሮ «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» (ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር) በሚባል ክፍል ተለይቷል። የእያንዳንዱን ፈቃድ ሳታነቡ አታስገቡ፤ በተለይ አስተካክሎ ማሰራጨትን የሚከለክል አለ።