አባዬ፣ ዘንድሮ መደቡን አትቆፍረው

አባዬ፣

ጤናህን ስጠይቅህ «ደህና ነኝ» ብለህ ወደ አትክልቱ ወሬ ስለምታልፍ፣ እኔም በአትክልቱ በኩል ልምጣብህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፀደይ ገባ ብለህ ዶማውን አታንሳ። መጀመሪያ መሬቱ መድረሱን እይ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጣና ጨምቀህ በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገው። ከተፈረፈረ ደርሷል፤ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ ጥቂት ቀን ይቆይ። ያንተ መሬት ዋልካ ነው። እርጥብ ሳለ ከተረገጠ ወይም ከተገለበጠ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፣ ሥር አያሳልፍም። ያን ዓመት ብትኮተኩተውም አይመለስልህም።

ሲደርስም አትቆፍረው። ይህን የምለው ለወገብህ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሐኪሙ ያለውንማ አብረን ሰምተናል። ስንት ዓመት የለፋህበት መደብ ልል ነው። መገልበጥ ከታች የተኛውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ያወጣል፣ ትል የከፈተውን መንገድ ያፈርሳል። አረሙን ከነሥሩ ንቀልና የበሰለ ብስባሽ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሰው። ለአንድ ካሬ ሜትር በ10 ሊትር ባልዲ ከ3 እስከ 5 ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን ግን በግማሽ እየሞላህ ተመላለስ፣ እባክህ።

የበሰለ ማለት የጠቆረ፣ የሚፈረፈር፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነው። አሞኒያ የሚሸት ከሆነ ገና ነው፤ የችግኙን ሥር ያቃጥላል። ትኩስ ፍግ ወደ ሰላጣውና ወደ ካሮቱ አታስጠጋ፤ አፈር የሚነካ አትክልት ከሆነ ፍጉ ከገባ እስከሚለቀም ቢያንስ 120 ቀን ይፈልጋል። አመድም ድንቹ ላይ አትበትን፣ እከክ ያበረታበታል። ጓንትህን አድርግ። የቲታነስ ክትባት በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ ያንተ መቼ ነበር?

የላክህላትን የፎሶሊያ ዘር የልጅ ልጅህ ፈትሻዋለች። 10 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ፣ ላስቲክ ውስጥ ከታ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። በ8ኛው ቀን 7 በቅሏል፣ ደስታዋን ብታይ! እንግዲህ 10 ተክል ከፈለግህ 15 ፍሬ ዝራ። የሽንኩርቱን ዘር ግን አትመነው፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አቅም የለውም። አተርና ቆስጣ አፈሩ 7 ዲግሪ ሲሆን ይበቅላሉ፤ ፎሶሊያ 16 ይፈልጋል፣ በቀዝቃዛ አፈር ይበሰብሳል። የቲማቲሙን ችግኝ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምደው፤ በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ይውጣ፣ በአንዴ ፀሐይ ከመታው ቅጠሉ ይነጣል።

ቲማቲሙን ደግሞ ዘንድሮም ግድግዳው ሥር አትመልሰው። ለምን እዚያ እንደምትተክለው አውቃለሁ። የእማዬ መደብ ስለሆነ ነው። ግን ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በአንድ ቦታ ሲደጋገሙ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል፣ ቢያንስ 3 ዓመት ማረፍ አለበት። ባቄላ ዝራበት። እሷም ባቄላ ትወድ ነበር።

አሁን እስካሁን የዞርኩትን ልጻፈው። ከስድስቱ መደብ ሦስቱን ዘንድሮ አሳርፋቸው። ራቁታቸውን አይደለም፤ ማጣበቂያው የተላጠለት ካርቶን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አደራርበህ አንጥፍ፣ ውሃ አጠጣው፣ ከላይ ገለባ ጎዝጉዝበት። አረሙ ብርሃን አጥቶ ይሞታል፣ መሬቱም እርጥበቱን ይይዛል። እጅ መስጠት አይደለም፣ አባዬ።

እንቢ ካልክ ደግሞ ለእኔ ስጠኝ። አካፋውን ከእጄ ወስደህ «ተይው፣ ታበላሺዋለሽ» ትለኝ ነበር፤ ለወንድሜ ግን ትሰጠው ነበር። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልረሳሁትም። ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አንተን እያየሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ አላበላሽም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የቲማቲሙን እንጨት እስከዚያ አትትከል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መግባት ስላለበት መዶሻው ለትከሻህ ከባድ ነው። ከችግኙ በፊት መተከል እንዳለበት አውቃለሁ፣ አለዚያ ሥሩን ይበጥሳል፤ እኔ እተክለዋለሁ።

ጠዋት ስትወጣ ስልኩን ኪስህ ክተት። መስኮቱ ላይ ትተኸው አትውጣ።

ልጅህ