ፀሐይ የመታውን ተክል ቶሎ አትቁረጡት

ሰላም የአትክልት ቦታችን አባላት፣

የሰሞኑ የቨርጂኒያ ሙቀት መደቦቻችንን ምን እንዳደረጋቸው መቼም አይታችኋል። ቅጠሉ ጠርዙ ደርቆ፣ መሀሉ ነጥቶ ስታዩት መቀስ ይዛችሁ አትሩጡ። የተቃጠለው ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ ግን ከስሩ ላለው ለጋ ቅጠልና ፍሬ ጥላ ስለሆነ ሙቀቱ በረድ ብሎ አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ይቆይ።

ውኃ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቀስ ተብሎ እስኪጠልቅ ድረስ ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን እዚያው ላይ ያስቀረዋል። ቀን ጠውልጎ ማታ የሚቃና ተክል ሁሉ ደግሞ ውኃ ጠምቶታል ማለት አይደለም፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ማዳበሪያ ለጊዜው ይቅር። አፈሩን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ገለባ ሸፍኑት፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ቃሪያና ቲማቲም ላይ ፀሐይ በሚመታው በኩል ብቻ የነጣና እንደ ወረቀት የሳሳ ቦታ ካያችሁ በሽታ አይደለም። ካልበሰበሰ ያንን ቆርጣችሁ ቀሪውን ብሉት። ቲማቲሙ አበባ ቢያረግፍም አትደንግጡ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ልማዱ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በጥላ መረብ ከልሉለት። መረብ ከሌለ አሮጌ ነጭ አንሶላም ያገለግላል፣ ቅጠሉ ላይ አታሳርፉት እንጂ።

በጎመኑ እኔ ብዙም አልታገልም። በዚህ ሙቀት ይመርራል። ኦገስት ላይ አዲስ ዘር ዝሩ፤ ያኛው ውርጭ ሲነካው እንዲያውም ይጣፍጣል።