እድሮቻችንም ይሞክሩት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የተራቆተ መሬት ለማልማት በክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘዋወር ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚሰበሰበውን መዋጮ ብዙዎቻችን በጥርጣሬ ነው የምናየው። እኔን የሳበኝ ግን የገንዘቡ ዓይነት ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። እንደ ጊትኮይን ባሉ በክሪፕቶ መዋጮ በሚሰበስቡ የኢንተርኔት መድረኮች፣ ትላልቅ ለጋሾች በሕዝቡ መዋጮ ላይ የሚጨምሩት ድጎማ ሲደለደል ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሰው ብዛት ይመዝናል። 100 ሰው አንድ አንድ ብር ያዋጣለት ፕሮጀክት፣ አንድ ባለሀብት 100 ብር ከሰጠው እጅግ የበለጠ ድጎማ ያገኛል።

ይህ ለእድሮቻችን እንዴት ይስማማል! ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በቴሌብር ይሁን። የአራት ኪሎና የቀበና እድሮች ያዋጡ፤ ለጋሾች በዚያው ቀመር ይጨምሩበት። ብሩ ታዲያ ለችግኝ መግዣ ብቻ አይዋል። በበጋ ውሃ የሚያጠጣ፣ ከቀበና ወንዝ ዳር ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ