ዱላ ቅብብል ሎተሪ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሴቶች 4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብልን «ዕድል ነው» ማለታችሁ ከነከነኝ። የ10 ሺህ ሜትር ሕዝብ ስለሆንን ይመስለኛል የምናቃልለው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ፣ በማጣሪያው የብራዚሏ ሯጭ አሜሪካዊቷን አሊሰን ፊሊክስን ገጨቻት። የአሜሪካ ዱላ ወደቀ። አቤቱታቸው ተቀባይነት አገኘና ማታ አራቱ ብቻቸውን ሮጡ። ባዶ መም፣ ተፎካካሪ የለ፣ ሰዓት ብቻ! በ41.77 ሰከንድ ገቡ። በዚህ ሰዓት ስለተበለጡ ቻይናዎቹ ከፍጻሜው ወጡ። እነሱ ምን አጠፉ? ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሜሪካኖቹ ግን በማግስቱ ማንም በማይመርጠው 1ኛው መም ሮጠው በ41.01 ወርቁን ወሰዱ። ዱላ ተቀባይዋ እኮ ዞራ ሳታይ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ነው የምትፈተለከው። ዕድል የቱ ጋ ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ