«ቁጠር» ከምትዪው «አምጣልኝ» በዪው

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ትንሹ ናሆም ቁጥር መማር በስልክ የጀመርነው ወሬ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ይድረስሽ ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር የሚውለው እሱ ስለሆነ ከማንም በላይ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።

እስከ ሃያ ሳያቋርጥ መጥራቱ ጥሩ ነው፤ ግን እስካሁን የያዘው ዜማውን ይመስለኛል። «አምስት» ስንት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ለመለየት አሥር ቆርኪ ፊቱ አፍስሺና «ሦስት ስጠኝ» በዪው። ዝም ብሎ በጭብጡ ካፈሰልሽ ገና ነው። አይግረምሽ፤ ልጆች መጀመሪያ አንድን ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ከወራት በኋላ ሁለትን፣ ቆይቶ ሦስትን። እንዲህ እያሉ ሦስት ወይም አራት ላይ ከደረሱ በኋላ ነው ቆጥሮ የመስጠቱ ነገር በአንዴ የሚገባቸው። ስለዚህ ሁለትን አሳምሮ የሚሰጥ ከሆነ ሥራሽ ሦስት ላይ ነው፤ ሃምሳ ድረስ እንዲጠራ መጎትጎቱ ምንም አይጨምርለትም።

ሌላም ምልክት አለ። አራት ሎሚ ቆጥሮ ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» ስትዪው እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብሎ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቃል የሁሉም ልክ መሆኑን አላወቀም። ጥያቄውን አትድገሚበት፤ ተሳስቻለሁ ብሎ ያስባል። አንቺው እየነካሽ ቁጠሪና በመጨረሻ እጅሽን በሁሉም ላይ አዙረሽ «አራት ሎሚ» በዪ። ነገሩን ሁሌ ከቁጥሩ ጋር ጥሪው፣ ባዶ «አራት» አይሁን።

ለዚህ ከቡና የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ከሰሉ ሳይቀጣጠል፣ ጀበናውም ሳይጣድ፣ ባዶዎቹን ሲኒዎች ለናሆም ስጪውና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ያስቀምጥ። ስድስት ሰው ካለ ሆን ብለሽ አምስት ሲኒ ስጪው። አንዱ ሰው ባዶውን ሲቀር ራሱ ያየዋል፤ «ስንት ጎደለ?» ያኔ ትርጉም አለው። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ አትርፊበት። ውኃው ሲፈላ ግን ከምድጃው ይራቅ፤ ያኔ የእሱ ሥራ ዙሩን መጥራት ነው፦ አንደኛው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ። ልጆች «ሦስት»ን እንጂ «ሦስተኛ»ን በቀላሉ አይዙም፤ ቡና ግን በየጊዜው ያስደግማቸዋል።

ቀጥሎ የምፈልገው እንቁላል የሚደረደርበትን የወረቀት ትሪ ነው። ሠላሳ የሚይዘው አምስት በስድስት ነው። አምስት አምስት ጎድጓዳ ያላቸውን ሁለት ሁለት ረድፍ አንድ ላይ አድርገሽ በመቀስ ቁረጪው፤ አሥር አሥር ጎድጓዳ ያላቸው ሦስት ቁራጭ ይወጣሉ። የእንቁላል አስኳል ወይም ቆሻሻ የነካውን አትጠቀሚ፤ ወረቀት ስለሆነ አይታጠብም። በአንዱ ቁራጭ ቆርኪ ያሰልፍበት፣ ሁልጊዜ የላይኛው ረድፍ ከሞላ በኋላ ወደ ታች። ሰባት ሲሆን አምስት ከላይ፣ ሁለት ከታች ሆኖ በዓይኑ ይታየዋል፤ ሦስት እንደጎደለም ሳይቆጥር ያውቃል። ቦታውን ዝም ብሎ እየበታተነ ከሞላው ግን ጥቅሙ ይጠፋል፣ ምንጣፉ ላይ ከመበተን በምንም አይለይም።

አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ አንዱን ሙሉ ቁራጭ አስቀምጪና ሁለተኛው ላይ አንድ ቆርኪ ያድርግ። ቃሉ ራሱ «አሥር እና አንድ» እንደሆነ እጁ ይነግረዋል። ሃያ ዘጠኝን አልፎ «ሃያ አሥር» ካለሽ አትሳቂበት፣ አትቆጪውም። ደንቡን ስላወቀ ነው እንዲያ ያለው። ሦስተኛው ቁራጭ ሲሞላ «ይህ ሠላሳ ይባላል» በዪውና እለፉ።

ውጭ ሲወጣ በጠመኔ አሥር ሳጥን በቀጥታ መስመር ሥሪለት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከ1 እስከ 10 ጻፊበት። ቆርኪ ይወርወር፦ በጀርባው ካረፈ አንድ እርምጃ፣ በሆዱ ካረፈ ሁለት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲግለር እና ራማኒ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆችን እንዲህ ያለ ጨዋታ ለአጭር ጊዜ አጫውተው በቁጥር እውቀታቸው ላይ ለውጥ አይተዋል። ቁም ነገሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሦስት ላይ ቆሞ ሁለት ሲደርሰው «አንድ፣ ሁለት» ሳይሆን «አራት፣ አምስት» እያለ ይራመድ። ብዙ ልጅ የቆመበትን ሳጥን ራሱን «አንድ» ብሎ ይጀምራል፣ ስለዚህም ሁልጊዜ አንድ ያንሰዋል። «እግርህ አዲስ ሳጥን ሲረግጥ ነው የምትጠራው» በዪው። ሰኞ ማክሰኞ እንዲዘል ሲፈልግ ይዝለል፤ ግን ያ ለእግር ነው፣ ለቁጥር ይኸኛው ይበልጣል።

ገበጣንም አላስቀርም። ሙሉው አሥራ ሁለት ጉድጓድና በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ለሱ ብዙ ነው። ስድስት ጉድጓድ፣ ሦስት በሦስት ትይዩ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር ይበቃል። መብላቱን ለጊዜው ተዪው፤ እያነሳ አንድ አንድ መጣሉ ብቻ ጨዋታ ነው። ሁለት በአንዴ ቢጥል ወይም ጉድጓድ ቢዘል «ቀስ በል፣ አንድ በአንድ» ብለሽ እጁን ያዢ፤ እጁና አፉ እኩል መሄድ የሚማሩት እዚሁ ላይ ነው።

ባቄላና ሽምብራን ግን ለዚህ አልወድም። አፍንጫው ከከተተው እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ያኔ ሐኪም ቤት ነው መንገዱ። ቆርኪ ሲሆን ደግሞ የዛገውን ወይም ጠርዙ የሾለውን አውጪ፤ ሠላሳ ይበቃል። ታናሽ እህቱ እጅ እንዳይገባ ጨዋታው ሲያልቅ ቆጥረሽ ሰብስቢ፣ እሱ ራሱ ይቁጠርልሽ።

በጣቱ ሲቆጥር አትከልክዪው። ቁጥር መጻፍም ገና ነው፤ መጀመሪያ ይለያቸው። የግዕዙን ቁጥር ልታሳዪው እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ እሺ፣ ግን 1 እና 10ን በደንብ ሲያውቅ። ያኔ ፲፩ አሥሩና አንዱ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ከትሪው ጋር ይገጥምለታል።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሲሰለች ያኔውኑ ጨዋታው ያልቃል። እትዬ አልማዝን ሰላም በይልኝ። ሲመጡ ብር እያሳዩ «እስከ መቶ ቁጠርልኝ» ማለታቸውን ትተው «ሦስት ሎሚ አምጣልኝ» ይበሉት፤ ባዶ የእንቁላል ትሪም ከሱቃቸው አይጠፋም።

ልጅሽ