ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ አስቀድሞ የዘረመል ምርመራ ያግኝ

ለክቡር የጤና ሚኒስትር

ጉዳዩ፦ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም በዘረመል ምርመራ የሚለይበት መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ለታላቅ ወንድሜ ኩላሊቴን ለመስጠት ስዘጋጅ ዕድሜዬ 27 ነበር። የደም ግፊቴ፣ ሽንቴና አልትራሳውንዴ ታይተው ምንም ችግር እንደሌለብኝና ለንቅለ ተከላው ብቁ እንደሆንኩ ተነገረኝ። አባታችን ከወጣትነቱ ጀምሮ በሪህ ሲሠቃይ ኖሮ ኋላ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ አርፏል፤ ወንድሜም በዚያው መንገድ ሄዶ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያደርጋል። በሁለቱም የሕክምና ካርድ ላይ በምክንያትነት የሰፈረው የደም ግፊት ነበር። ሪህና የኩላሊት መድከም ተያይዘው ከአባት ወደ ልጅ መውረዳቸውን አስተውሎ የወንድሜን ደም ለዘረመል ምርመራ ያስላከ ሐኪም ያገኘነው፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። ዩሞድ በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ተገኘበት። እኔም ተመረመርኩ፤ ያው ለውጥ አለብኝ።

ኩላሊት ዩሮሞዱሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው በዚህ ጂን ትእዛዝ ነው። ጂኑ ሲለወጥ ፕሮቲኑ ትክክለኛ ቅርጹን ሳይዝ ስለሚቀር በኩላሊት ቱቦዎች ሴሎች ውስጥ እየተከማቸ ቀስ በቀስ ይጎዳቸዋል። አንዱ ወላጅ ሕመሙ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አስቸጋሪነቱ በሽንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደምም ሆነ ብዙ ፕሮቲን አለማሳየቱ፣ አልትራሳውንድም ለዓመታት ደህና መምሰሉ ነው፤ ከኩላሊት ናሙና ተወስዶ ቢታይ እንኳ የሚገኘው ጠባሳ ከሌሎች ሕመሞች ጠባሳ እምብዛም አይለይም። ቁርጡን የሚናገረው የጂን ምርመራ ነው። ያ ሐኪም ባይገጥመን ኖሮ ወንድሜ የታመመ ኩላሊት ይተከልለት፣ እኔም በቀረኝ አንድ የታመመ ኩላሊት እኖር ነበር።

የእኛ ሕመም ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ቤት ይሰፋል። በኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚበዙበት ሕመም፣ በተለይ ፒኬዲ2 በተባለው ጂን ለውጥ ሲመጣ፣ ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች በሆነ ዘመድ ላይ በአልትራሳውንድ ላይታይ ይችላል። የአልፖርት ሕመም (የኩላሊትን ማጣሪያ የሚጎዳ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ላለበት ወንድ ልጇ ኩላሊቷን ለመስጠት የምትቀርብ እናት ራሷ የተለወጠውን ጂን ተሸክማ፣ ምልክቱ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም በሽንቷ መኖሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በዘር የሚመጣው የኦክሳሌት፣ ማለትም በኩላሊት ውስጥ ጠጠር የሚሠራ ንጥረ ነገር፣ ክምችት ነው፤ ጉድለቱ ያለው ይህን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ በሚያመርተው ጉበት ስለሆነ፣ ይህ ሳይታወቅ ኩላሊት ብቻ የተተከለለት ሕመምተኛ ከዘመዱ በስንት መሥዋዕትነት ያገኘውን ኩላሊት ያው ኦክሳሌት መልሶ ያጠፋበታል። ከ2020 ጀምሮ ጉበት ኦክሳሌት በብዛት እንዳያመርት የሚገታ መድኃኒት አለ፤ የሚታዘዘው ግን ሕመሙ ለታወቀለት ሰው ነው።

በ2019 የታተመና ከ3,000 በላይ የኩላሊት ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ከ100 ሕሙማን በ9ኙ ያህል የዘረመል ምክንያት አግኝቷል፤ የሕመማቸው መነሻ አይታወቅም ከተባሉት መካከል ደግሞ ቁጥሩ ወደ 17 ከፍ ይላል።

ምርመራው ሁሉን ይመልሳል ብዬ አልከራከርም። ከእኛ ጋር የሚመሳሰለውን ሕመም የሚያመጣው የሙክ1 ጂን ለውጥ በተለመደው የጂን ንባብ ያመልጣል። ጉዳት ያምጣ አያምጣ ያልታወቀ ለውጥም ይገኛል፤ በዓለም አቀፍ የዘረመል መረጃ ቋቶች ውስጥ አፍሪካውያን በቂ ስፍራ ስላላገኙ እንዲህ ያለው ውጤት በእነሱ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ውጤቱን የሚያስረዳ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ፣ ምርመራው ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ሊያስደነግጥ ወይም በከንቱ ሊያጽናና ይችላል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የኩላሊት ሕመምተኛ ያለበት ወይም የሕመሙ መነሻ ያልታወቀለት ሰው ከዘመዱ ኩላሊት ከመቀበሉ በፊት የዘረመል ምርመራ እንዲያገኝ በመመሪያ ይደንገግ፤ ምርመራውም ከሕመምተኛው ይጀመር፣ ምክንያቱም በእሱ ላይ የተገኘው ለውጥ ከታወቀ በዘመዱ ላይ የሚፈለገው ያ አንድ ለውጥ ብቻ ስለሚሆን ሥራውም ወጪውም ይቀላል። ወጪውን ቤተሰብ እንዲሸከመው አይተው፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ያለበት ቤት ጥሪቱን ጨርሷል። ውጤቱ ከሕመምተኛው ፈቃድ ውጭ ለአሠሪም ሆነ ለመድን ድርጅት እንዳይደርስ በሕግ ይጠበቅ። አለማወቅን የሚመርጥ ዘመድም መብቱ ይከበርለት፤ እኔ ውጤቴን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ የዚህ መብት ክብደት ገብቶኛል።

ታናሽ እህታችን 22 ዓመቷ ነው። ለወንድማችን እኔ እሰጣለሁ ብላ ቆርጣለች፤ የእሷም አልትራሳውንድ ደህና ነው ተብሏል። ደሟን ለማስመርመር ግን እንደ አዲስ ደጅ መጥናት ጀምረናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር